የጆሮ ውታፉን ቀይሪው እንጂ አትተዪው

«ቫዮላ (ከቫዮሊን ተለቅ ያለ ባለ ቀስት መሣሪያ) እጫወታለሁ፤ ጥሩምባዎቹ ከኋላዬ ናቸው። ከልምምድ ስወጣ ጆሮዬ ጭው ይላል። የስፖንጅ ውታፍ ሳደርግ ደግሞ ድምፄ መውጣት መውረዱን መለየት አቃተኝ፤ ልተወው?» ላልሽው እህቴ፦ በፍጹም!

1. ስፖንጅ ቀጭኑን ድምፅ ከወፍራሙ አብልጦ ይቀንሳል። የቀስቱ ፍትጊያ ይጠፋና ጉምጉምታው ብቻ ይቀርሻል፤ ሳታውቂው ቀስቱን ትጫኛለሽ፣ ክንድሽም ይደክማል። የሙዚቀኛ ውታፍ ግን ሁሉንም እኩል የሚቀንስ ማጣሪያ አለው፦ ባለ 9፣ ባለ 15 ወይም ባለ 25 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ)። ጥሩምባ ከኋላሽ ስላለ 15 ያዢ፤ ብቻሽን ስትለማመጂ 9 ይበቃል። 25 ለከበሮ መቺዎች ይሁን፤ ከልክ በላይ የደፈነ ውታፍ ተነቅሎ ኪስ ነው የሚገባው።

2. በልክሽ ስታሠሪ ባለሙያው የልክ መውሰጃውን ሲሊኮን እስከ ጆሮ ቀዳዳው ሁለተኛ መታጠፊያ እንዲያደርሰው ጠይቂ። ይቺን የሚዘሏት ብዙ ናቸው፤ ያናድዳል! አጭር ከሆነ በአገጭሽ አጥንት የሚመጣው የቫዮላው ድምፅ መውጫ አጥቶ ጆሮሽ ውስጥ ይጮኻል። ስትረከቢ እዚያው አድርገሽው «ኢ» በይ። ከጋን ውስጥ እንደሚወጣ ከጮኸብሽ ይመለስ።

3. ከሁሉ የሚያስከፍለው ስህተት «ፎርቲሲሞው (እጅግ ጮክ ተብሎ የሚጫወተው ክፍል) ሲመጣ አደርገዋለሁ» ማለት ነው። ያኔ ሁለቱም እጆችሽ በቫዮላው ተይዘዋል። ሂሳቡም አያዋጣም፦ 85 ዴሲቤል በቀን ለ8 ሰዓት ይፈቀዳል፤ ድምፁ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። 100 ሲደርስ 15 ደቂቃ ብቻ! ሩብ ሰዓት ከነቀልሽው የቀኑን ድርሻ ጨረስሽ። ስለዚህ ቤት ውስጥ አድርገሽው በስኬል (በተርታ የድምፅ መሰላል ልምምድ) ጀምሪ፣ በቀን 15 ደቂቃ፤ ጆሮሽ ሲለምደው ወደ ኦርኬስትራው ይዘሽው ግቢ።

የመስማት ምርመራ ስትሄጂ ከዋዜማው ጀምሮ ጆሮሽን አሳርፊ። «ንግግር በደንብ ትሰሚያለሽ፣ ደህና ነሽ» ብለው ቢሸኙሽ እሺ ብለሽ አትውጪ፤ የ3000፣ የ4000 እና የ6000 ኸርዝ (የድምፅ ቅጥነት መለኪያ) ውጤት በወረቀት ይሰጥሽ። የድምፅ ጉዳት መጀመሪያ የሚታየው በውጤቱ መስመር ላይ 4000 አካባቢ ባለ ስርጉድ ነው። ግራሽን ከቀኝሽ አወዳድሪ፤ ቫዮላው ለግራሽ ይቀርባል።

አስተዳደሩ ከወንበርሽ ጀርባ ግልጽ መከለያ ቢያቆም፣ ከራስሽ ከራቀ ጥቅሙ ትንሽ ነው፤ ድምፁንም ወደ ነፊዎቹ ይመልሳል። ጥሩምባዎቹ ከፍ ያለ መድረክ ላይ ወጥተው አፋቸው ከራስሽ በላይ እንዲያልፍ ጠይቂ። «የሙያው ጣጣ ነው» ካሉሽ የለንደኑን ሮያል ኦፔራ ሃውስ አስታውሻቸው፦ እ.ኤ.አ. በ2012 በጀርመናዊው አቀናባሪ በቫግነር ኦፔራ ልምምድ ላይ ነፊዎች ከኋላው ተቀምጠው ጆሮው የተጎዳ የቫዮላ ተጫዋች ከሶ በ2018 ተፈርዶለታል።