ሲያሚዝ ድመት፦ ስለ ቀለሟ አትጨነቂ፣ ስለ ጊዜሽ አስቢ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አይቼ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። የሲያሚዝ ግልገል ልትወስጂ ነው። ሻጩ «አሁን ነጭ ናት፣ በኋላ ትጠቁራለች» ብሎሻል። ሌላ ሰው ደግሞ «ክፉና ጯሂ ናቸው» ብሎ አስፈርቶሻል። አንቺና ባለቤትሽ ቀን ቀን ሥራ ላይ ናችሁ። ከሲያሚዝ ጋር ለዓመታት ኖሬያለሁ፣ አሁንም ቤቴ አለች። የማውቀውን ልንገርሽ።

ሻጩ እውነቱን ነው። ሲወለዱ ነጭ ናቸው። ነገሩ የሙቀት ጉዳይ ነው። ፀጉር ቀለም እንዲይዝ የሚያደርግ ታይሮሲኔዝ የሚባል ኢንዛይም አለ። ሲያሚዞች ላይ ይህ ኢንዛይም ሙቀት አይችልም። ሰውነት ሲሞቅ ሥራ ያቆማል፣ ቀዝቀዝ ሲል ይሠራል። እናታቸው ሆድ ውስጥ መላ ሰውነታቸው ስለሚሞቅ ነጭ ሆነው ይወጣሉ። ከዚያ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቶሎ የሚበርዳቸው ቦታ፣ ማለትም ጆሮ፣ ፊት፣ እግርና ጭራ፣ መጥቆር ይጀምራል።

የኔዋ እንዳትወልድ ቀዶ ሕክምና ሲደረግላት ሐኪሙ ሆዷን ላጭቶት ነበር። ፀጉሩ ተመልሶ ሲበቅል የተላጨው ቦታ ብቻ ቡናማ ሆኖ መጣ። ቆዳው ተራቁቶ ስለበረደው ነው። ያ ፀጉር ረግፎ ሌላ ሲተካ ወደ ቀድሞ መልኩ ተመለሰ። ዕድሜያቸው ሲገፋም ጀርባቸው እየጠቆረ ይሄዳል። እንደዚህ ስታይ እንዳትደነግጪ፣ በሽታ አይደለም።

ዓይናቸው ዕድሜ ልክ ሰማያዊ ነው። አንዳንዷ ሸውራራ ልትሆን ትችላለች። ይህም ከዚያው ከቀለም ማነስ የሚመጣ ነው፤ ከዓይን ወደ አንጎል የሚሄዱት ነርቮች መንገዳቸው ትንሽ ይዛባል። ድሮ ሸውራራ ዓይንና ጫፉ የተቆለመመ ጭራ የተለመደ ነበር፣ አርቢዎች እየመረጡ ቀነሱት። በነገራችን ላይ አገራቸው ታይላንድ ነው፣ ስማቸውም ከድሮ ስሟ ከሲያም የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1884 አንድ የእንግሊዝ ዲፕሎማት ፎ እና ሚያ የሚባሉ ጥንድ ድመቶችን ከባንኮክ ለእህቱ ወስዶላት ነበር። የያኔዎቹ ሰውነታቸው ሞላ፣ ፊታቸው ክብ ያለ ነበር። ዛሬ በውድድር የምታያቸው ቀጫጭኖች ናቸው፤ ፊታቸው ሾጠጥ፣ ጆሯቸው ሰፋ ያለ ነው። እኔ የድሮውን ዓይነት እመርጣለሁ። ዛሬም የሚያረቡት አሉ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ ጠባያቸው። ክፉ ናቸው የሚለው ፈጽሞ ልክ አይደለም። እንደ ሲያሚዝ ሰው የሚወድ ድመት እኔ አላየሁም። ጯሂ ናቸው የሚለው ግን ልክ ነው። ድምፃቸው ወፍራም ነው፣ ከሌላ ክፍል ስትሰሚው ሕፃን የሚያለቅስ ይመስልሻል። የኔዋ ስልክ ሳወራ እሷን የማናግራት ስለሚመስላት እየተከታተለች ትመልስልኛለች። ለምግብ አጭር፣ ለተዘጋ በር ረጅም ድምፅ አላት። በጩኸቷ ብትቆጫት ቁጣም ለሷ ወሬ ነው፣ ይብስባታል። ዝም እስክትል ጠብቀሽ ያኔ አናግሪያት። ደግሞ ከብዙ ዝርያዎች ቀድመው ነው ለመውለድ የሚደርሱት። ወንድ ስትፈልግ የምታሰማው ጩኸት ቀንና ሌሊት አያስተኛም፣ ስለዚህ ስለ ቀዶ ሕክምናው ቶሎ ሐኪም አማክሪ።

ብልህም ናቸው። የኔዋ የቁም ሳጥን በር በጥፍሯ ስባ ትከፍታለች፣ ገብታም ሹራቤ ላይ ትተኛለች። ሥራ የፈታች ሲያሚዝ ደግሞ ለራሷ ሥራ ትፈጥራለች፤ መጋረጃ ላይ ትወጣለች፣ ዕቃ ትጥላለች። ብቸኝነት ከበዛባት ፀጉሯን እየላሰች እስከ መመለጥ የምትደርስ አለች። ሰው ክፉ የሚላቸው ይህን አይቶ ይመስለኛል።

ስለዚህ ለእናንተ የምመክረው ሁለት የአንድ እናት ልጆች እንድትወስዱ ነው። ቀን እርስ በርስ ይጫወታሉ፣ ይተቃቀፋሉ፤ ማታ ደግሞ እናንተ አላችሁ። ከእናታቸው ጋር 12 ሳምንት ያህል ቢቆዩ ጥሩ ነው። ሄደሽ እናቲቱን እያት፣ ሰው ስትቀርብ ወይም ስትሸሽ ብዙ ነገር ይነግርሻል። ጥርስና አስም የሚያስቸግራቸው ስለሆነ በቤተሰቡ እንዲህ ያለ ነገር እንዳለ ሻጩን ጠይቂው። ሁለት መውሰድ የማይቻል ከሆነና ቤቱ ከጠዋት እስከ ማታ ባዶ የሚሆን ከሆነ ግን፣ እህቴ፣ ብቻዋን መዋል የማይከብዳትን ሌላ ዝርያ ብትፈልጉ ይሻላል።