አንጀት ሲቆም፣ አንጀት ሲሮጥ፦ ጥያቄና መልስ

«ከቀዶ ጥገና በኋላ ትራማዶል ታዘዘልኝ። ሕመሙ ለቀቀኝ፤ ሽንት ቤት ከወጣሁ ግን አራተኛ ቀኔ።»

ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም። ትራማዶል፣ ኮዴይንና ሞርፊን ሕመም ለማስታገስ አንጎል ውስጥ የሚይዙት ቦታ አንጀት ላይም ሞልቷል። እዚያ ሲይዙት አንጀት መግፋቱን ይተዋል። ሰገራው በቆየ ቁጥር ውኃው እየተመጠጠ እንደ ጠጠር ይደርቃል። ሰውነት እነዚህ መድኃኒቶች የሚያመጡትን ማቅለሽለሽ በቀናት ውስጥ ይለምደዋል፤ ድርቀቱን ግን ብዙም አይለምደውም። ስለዚህ «ይለቀኛል» ብሎ መጠበቅ ዋጋ የለውም። እንደ እኔ ከሆነ ማስታገሻው ሲታዘዝ የድርቀት መድኃኒትም አብሮ መታዘዝ ነበረበት። ሐኪምዎን ይጠይቁ። ቢሳኮዲል ከታዘዘልዎ ማታ ይዋጡት፤ ከዋጡት በኋላ ከ6 እስከ 12 ሰዓታት ባለው ጊዜ ውስጥ ይሠራል። በወተት ግን አይዋጡት። ሽፋኑ ጨጓራ ውስጥ ይሟሟና በቁርጠት ያጥፍዎታል።

አንድ ነገር ልጨምር። ሆድዎ ከተነፋ፣ ካስመለሰዎት ወይም ፈስ እንኳ እምቢ ካለ (ይቅርታ፣ ሌላ ስም የለውም) ምንም ሳይውጡ ሆስፒታል ይሂዱ።

«የተቅማጥ ማስቆሚያው ሎፔራማይድ የሞርፊን ዘመድ ነው አሉኝ። እውነት ነው?»

እውነት ነው። በልኩ ሲወሰድ ግን አንጎል ውስጥ አይዘልቅም፤ ሥራው አንጀት ላይ ነው። ለአዋቂ መጀመሪያ 4 ሚሊግራም፣ ከዚያ ከእያንዳንዱ ቀጭን ሰገራ በኋላ 2 ሚሊግራም። ያለ ሐኪም ትእዛዝ በቀን ከ8 ሚሊግራም አይለፍ፤ ሲበዛ የልብ ምት ያዛባል። ደም ወይም ትኩሳት ካለ ጭራሽ አይንኩት። ሊወጣ የሚገባውን ያስቀራል።

«እናቴ ለማቅለሽለሽ ሜቶክሎፕራማይድ ከጀመረች ወራት አልፏታል። ሰሞኑን ባዶ አፏን ታኝካለች።»

ይሄ የሚያድር ጉዳይ አይደለም። ዛሬውኑ ሐኪሟ ይያት። መድኃኒቱ ዶፓሚን የተባለውን መልእክት አቀባይ ኬሚካል ያግዳል፤ ጨጓራ ቶሎ ይራገፋል፣ ማቅለሽለሹም ይበርዳል። ችግሩ አንጎል ውስጥም መግባቱ ነው። ሲቆይ ምላስና ከንፈር ከባለቤታቸው ፈቃድ ውጭ መንቀሳቀስ ይጀምራሉ፤ መድኃኒቱ ቆሞም ላይተው ይችላሉ። አደጋው በአረጋውያን፣ በተለይ በሴቶች ላይ ይብሳል። የአሜሪካው የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2009 እ.ኤ.አ. ከ12 ሳምንት በላይ እንዳይወሰድ በጥብቅ አስጠንቅቋል። አውሮፓ በ2013 ወደ 5 ቀን አሳጠረው።

«ኤሪትሮማይሲን የተባለውን አንቲባዮቲክ በዋጥኩ ቁጥር ሆዴ ይገለባበጣል።»

ሞቲሊን የሚባለውን አንጀት አንቀሳቃሽ ሆርሞን ስለሚመስል ነው። ጨጓራቸው ለሰነፈባቸው ሕሙማን ሐኪሞች ሆን ብለው በትንሹ ያዙታል። የእርስዎን ያስቸገረው ጠባይ ለእነሱ መድኃኒት ነው።