መልስ፦ የቢዝነስ ካርድ ሲሰጡኝ የት ላድርገው?

ጃፓን ኩባንያ ውስጥ የተግባር ልምምድ ልጀምር ነው፣ ካርድ ሲሰጡኝ የት ላድርገው ብለሻል። ኪስሽ ውስጥ አትክተቺው። ስብሰባው እስኪያልቅ ጠረጴዛው ላይ፣ ፊት ለፊትሽ ይቀመጥ።

አሰጣጡ እንዲህ ነው፦

1. ተቀምጠሽ ከሆነ ተነሺ። ጠረጴዛ መሃል ካለ ዞረሽ ሂጂ።
2. የራስሽን ካርድ ጽሑፉ ወደ እሳቸው ዞሮ፣ ከእሳቸው ካርድ ትንሽ ዝቅ አድርገሽ ስጪ። ስምሽንና ዩኒቨርሲቲሽን ተናገሪ።
3. የእሳቸውን በሁለት እጅ ተቀበይ። ይሄ እንኳን ለእኛ አዲስ አይደለም። ከዚያ ስሙን አንብቢው። ማንበብ ካቃተሽ ጠይቂ፣ ነውር የለውም።

ሰዎቹ ብዙ ከሆኑ ካርዶቹን በአቀማመጣቸው ደርድሪ፤ የአለቃው በካርድ መያዣሽ ላይ ይሁን። ስም ሲጠፋብሽ ሰረቅ አድርገሽ ታያለሽ። እነሱ እያዩ ካርዱ ላይ ምንም እንዳትጽፊ።

ካርዱ ቀላሉ ነው። እኔን ጉድ የሠራችኝ "ሃይ" የምትለው የጃፓንኛ ቃል ናት። ትርጉሟ "አዎ" ነው ይባላል፤ ብዙ ጊዜ ግን "እየሰማሁ ነው" ለማለት ነው የሚሏት። እኔ ሳይገባኝ "ሃይ፣ ሃይ" እያልኩ አንድ የኤክሴል ሰንጠረዥ ሁለት ቀን ሙሉ አበላሽቼ ሞላሁ። አለቃዬ አልተቆጡም፤ "ለምን ቀድመህ አልጠየቅክም?" ብቻ አሉኝ። እሱ ከቁጣ ይብሳል።

"ሆሬንሶ" የሚሉት ነገር አላቸው፦ ሪፖርት ማድረግ፣ ማሳወቅ፣ መማከር። (ስፒናችንም እንደዚሁ ነው የሚጠሩት፤ ለማስታወስ ይመቻል።) ሥራ ሲሰጡሽ የገባሽን በራስሽ አፍ መልሰሽ ንገሪያቸው፣ ግማሽ ላይ ስትደርሺም አሳዪያቸው።