«ውሃው ደርሷል?» እያለ መላልሶ ይጠይቀኛል

ጥያቄ፦ ከድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው የምጽፍላችሁ። ወንድሜ 22 ዓመቱ ነው። ዓመት ሊሞላው ነው፣ መታጠብ አያቆምም። ለሶላት ውዱእ ሲያደርግ አንድ ሰዓት ይፈጅበታል። ከዚያ «ክንዴ ጋ ውሃው ደርሷል?» ይለኛል፣ «ደርሷል» እለዋለሁ፣ ተመልሶ ይገባል። ውሃ በጠፋ ሰሞን በጀሪካን የያዝነውን ሁሉ ጨርሶት እናቴ አለቀሰች። የእጁ ቆዳ ተሰነጣጥቋል። ጎረቤት ወስዋስ ነው፣ የሸይጣን ጉትጎታ ነው ይላል፣ ቁርኣን አስቀርተን ሩቅያም አስደርገንለታል። አንድ ባለሙያ ግን ኦሲዲ የሚባል ሕመም ነው፣ ለእሱ የተለየ የንግግር ሕክምና አለ አለን። ወሬ ብቻ እንዴት ያድነዋል?

መልስ፦ እህቴ፣ ወንድምሽ ግትር አይደለም፣ እምነቱም አልጎደለም። ኦሲዲ እንዲህ ነው፦ «ውሃው አልደረሰም» የሚለው ሐሳብ ሳይፈልገው ይመጣበታል፣ ጭንቀቱ ያንቀዋል፣ ሲታጠብ ትንሽ ቀለል ይለዋል። ወጥመዱ እሱ ነው። አእምሮው «ያዳነኝ መታጠቤ ነው» ብሎ ይይዛል፣ በማግስቱም ከትናንቱ የበለጠ እንዲታጠብ ያደርገዋል።

ሕክምናው ደግሞ ወሬ ብቻ አይደለም፣ ልምምድ ነው። ቪክቶር ማየር የሚባል የሥነ ልቦና ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1966 ለንደን ላይ ያሳየው መንገድ ነው፣ ዛሬም ለኦሲዲ ከንግግር ሕክምናዎች ሁሉ የሚቀድመው እሱ ነው። ወንድምሽና ባለሙያው ተቀምጠው የሚያስፈሩትን ነገሮች ከቀላል ወደ ከባድ ይጽፋሉ፤ መጀመሪያ የቤት በር እጀታ፣ ቀጥሎ የባጃጅ ወንበር፣ ከዚያ ቀፊራ ገበያ የተቀበለው አሮጌ ብር እንበል። እጀታውን ይነካል፣ አይታጠብም። ልቡ ይመታል፣ ያልበዋል፣ ግን ይቆያል። ሲደጋግመው ጭንቀቱ ሳይታጠብም እንደሚያልፍ፣ ባያልፍም እንደሚቻል በራሱ ያየዋል። ብዙ ጊዜ ከ12 እስከ 20 ቀጠሮ ይወስዳል፣ በየመሃሉ ቤት ውስጥ በየቀኑ መለማመድ አለበት። አደራ፣ እጁን ይዛችሁ በግድ አታስነኩት። ያ ሕክምና አይደለም።

ሶላቱን ተው የሚለው የለም። ውዱእ ላይ አንድ አካል ቢበዛ ሦስት ጊዜ ነው የሚታጠበው፣ ልምምዱም እዚያ ልክ ላይ እንዲቆም ነው። የሚያምነውን ሼህ አንዴ ይጠይቅ። ደጋግሞ ከጠየቀ ግን መጠየቁ ራሱ እንደ መታጠቡ ይሆንበታል።

ያንቺም «ደርሷል» እንደዚያው ነው። ከፍቅር እንደምትመልሺለት አውቃለሁ፣ ግን ሕመሙን ትቀልቢዋለሽ። በአንድ ቀን አትቁረጪበት፣ ቀድማችሁ ተስማሙ። ሲጠይቅሽ «ይሄን የሚጠይቀኝ ሕመሙ ነው፣ አልመልስልህም፣ ግን አብሬህ እቀመጣለሁ» በይውና እውነትም አብረሽው ተቀመጪ።

መድኃኒትም አለ፣ ፍሉኦክሰቲንና ሰርትራሊን ይታዘዛሉ። ለኦሲዲ ለውጡ እስኪታይ ከ8 እስከ 12 ሳምንት ይፈልጋል፣ ስለዚህ በሁለተኛው ሳምንት «ምንም አልሠራለት» ብላችሁ ራሳችሁ እንዳታቋርጡ።

ድል ጮራ ሆስፒታል ወይም ሐረር ሕይወት ፋና ሄዳችሁ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ጠይቁ። «የሚፈራውን እየነካ ሳይታጠብ የሚቆይበትን ልምምድ ታሠራላችሁ ወይ?» በሏቸው፣ ምክር ብቻ ሰጥተው እንዳይሸኟችሁ። መሞትን የሚያነሳ ከሆነ ግን ቀጠሮ አትጠብቁ፣ ያኑ ቀን ውሰዱት። ከመሄዳችሁ በፊት ደግሞ ለሦስት ቀን ያህል መቼ እንደሚታጠብ፣ ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ፣ አንቺን ስንት ጊዜ እንደሚጠይቅሽ ራሱ ይጻፍና ወረቀቱን ይዛችሁ ግቡ።