የደን እንጀራ ወዴት እየሄደ ነው? ጋሽ ዋንዛ ይመልሳሉ

አወያይ፦ ጋሽ ዋንዛ ዕድሜያቸውን በመንግሥት ደን ሠርተው አሁን ጡረታ ላይ ናቸው። በአገራችን የደንና የእንጨት ሥራ ላይ ጥያቄ ያላችሁ ጠይቁ። አጠር አድርጉ፣ አይደጋገም።

ተመራቂው፦ ጋሼ፣ በደን ተመርቄ ቁጭ ብያለሁ። ሥራ አለ ወይ?

ጋሽ ዋንዛ፦ የቢሮ ሥራ ከሆነ ወንበሩ ጥቂት ነው። የደን ትምህርት ቤቱ ወንዶ ገነት በ1970 ሲከፈት የደን ባለሙያ ብርቅ ነበር። ዛሬ የሚያስመርቀው ብዙ ነው፣ ወንበሩ ግን በዚያ ልክ አልጨመረም። ሥራው ያለው ገበሬው ጓሮ ነው። ገበሬው ዛፉን የሚለካለት ሰው የለውም። ነጋዴ መጥቶ በዓይን ገምቶ ይገዛዋል። ሜትርህን ይዘህ ውጣ።

ተመራቂው፦ ሜትር ይዤ ማን ይከፍለኛል?

ጋሽ ዋንዛ፦ ዛፉን የሚሸጠው ሰውዬ። አስላው። ግንዱ ከ10 ሳንቲም ወደ 20 ሳንቲም ሲወፍር፣ ቁመቱ ባይጨምር እንኳ የእንጨቱ መጠን አራት እጥፍ ይሆናል። ነጋዴው ግን «እጥፍ እሰጥሃለሁ» ይልና አጨብጭበው ይቀበሉታል። ግማሹ ገንዘብ እዚያው ቀረ። ይህን ለገበሬው ካሳየኸው ይከፍልሃል። ቁም ዛፍ በዓይን ግምት አይሸጥም! ዛሬ ደጋግሜ እለዋለሁ፣ እንዳይሰለቻችሁ።

ችግኝ ጣቢያ፦ እኔ ችግኝ ጣቢያ በቀን ሥራ ነኝ። ክረምት ሲገባ ያሰናብቱናል። ዓመቱን ሙሉ መሥራት አይቻልም?

ጋሽ ዋንዛ፦ እሰይ፣ የሚጠየቅ ይህ ነው እህቴ። አረንጓዴ አሻራ በ2011 ከተጀመረ ወዲህ የችግኝ ጣቢያ ሥራ በደንብ ጨምሯል። ብዙውን የያዛችሁትም ሴቶች ናችሁ። አፈር መንፋት፣ ፕላስቲክ መሙላት፣ ማጠጣት፣ አረም መንቀል። ግን ችግኙ ሐምሌ ላይ ሲወጣ ሰውም አብሮ ይወጣል። ለምን? በጀቱ እስከ ተከላ ብቻ ስለሚያዝ ነው። ከተተከለ በኋላ መኮትኮት አለ፣ ከከብት መጠበቅ አለ፣ የሞተውን መተካት አለ፣ ቆይቶ ደግሞ ማሳሳትና ቅርንጫፍ መመልመል አለ። ይህ የዓመታት ሥራ ነው። ፎቶ ስለማያምር የሚጠይቀው የለም። የተተከለው ሳይሆን የጸደቀው ቢቆጠር ኖሮ ክረምት ላይ ባልተበተናችሁ። ማኅበር ሆናችሁ የእንክብካቤውን ሥራ በውል ጠይቁ። ለብቻሽ ከሄድሽ ማንም አይሰማሽም።

መጋዝ፦ ቼንሶ፣ የሞተሩ መጋዝ፣ መጥቶ የቆራጩን እንጀራ አልወሰደም?

ጋሽ ዋንዛ፦ ወስዷል። ሁለት ሰው ሲጎትተው የሚውለውን ግንድ አንድ ሰው በአፍታ ይጥለዋል። ያለ ባርኔጣና ያለ ጫማ አትያዙት። ቀጥሎ።

የአዊው፦ ከአዊ ዞን፣ ከፋግታ ለኮማ ወረዳ ነኝ። ዲከረንሱ፣ ለከሰል የምንተክለው የግራር ዓይነት፣ ታመመብን። ከሰል አክሳዩ ሁሉ ሥራ ፈታ።

ጋሽ ዋንዛ፦ አውቃለሁ ወንድሜ። ለማያውቁ ልንገር። አዊ ውስጥ ገበሬው ዲከረንስን የተከለው ማንም አስገድዶት አይደለም። በመጀመሪያው ዓመት ጤፉን ከዛፉ ጋር ይዘራል፣ ቀጥሎ ሣሩን ያጭዳል፣ በ4 ወይም በ5 ዓመት ቆርጦ ያከስላል። መሬቱም ያገግማል። በዚያ ላይ ቆራጭ፣ አክሳይ፣ ጫኝ፣ ደላላና ሾፌር ይኖርበታል። ፋብሪካ ሳይከፈት ይህን ያህል ሰው ሥራ ያገኘበት ነገር ብዙ የለም። ሪፖርት ላይ ግን «የደን ሠራተኛ» ሲባል እነዚህ አይቆጠሩም። ከሚቆረጠው እንጨታችን ከአሥር ዘጠኝ እጁ ለማገዶና ለከሰል ነው፣ እንጀራውም ያለው እዚያው ነው። ስህተቱ አንድ ዛፍ ብቻ መሆኑ ነው። ዋግ ሲገባ ሁሉንም አንድ ላይ መታ። እንደገና ስትተክል ቀላቅል። ማሳህን ሁሉ ለአንድ ዝርያ አትስጥ። የተረፈውንም ደንግጠህ በዓይን ግምት እንዳትሸጥ።

ጅዳ፦ ሰላም ጋሼ፣ ከጅዳ ነኝ። ባህር ዛፍ ላይ ገንዘብ ባወጣ ያዋጣል?

ጋሽ ዋንዛ፦ «ያዋጣል?» ምን ማለት ነው? የት? ስንት ጥማድ? በማን ስም? ለአጣና ነው ለጣውላ? እንዲህ አትጠይቁኝ እንጂ!

ጅዳ፦ ይቅርታ። ጎጃም፣ በወንድሜ ስም፣ ለአጣና።

ጋሽ ዋንዛ፦ አሁን ገባኝ። ባህር ዛፍ ተቆርጦ መልሶ ያቆጠቁጣል፣ ይህ ጥሩ ጎኑ ነው። ግን አዲስ አበባ ላይ ትልልቁ ሳይት ወደ ብረት መወጣጫ እየዞረ ነው። አጣና ብቻ ብለሽ አትግቢ። ግማሹን ለምሰሶ አቆዪው። ወንድምሽ እንኳ ቢሆን ውሉ በጽሑፍ ይሁን። ሲሸጥም ተለክቶ።

ምንጭ፦ ባህር ዛፍ ምንጫችንን አድርቆታል፣ እናንተ ስለ ብር ታወራላችሁ!

አጣና ነጋዴ፦ ልጆቼን ያስተማረው እሱ ነው። ምንጩን ያደረቀው የእናንተ ጤፍ ነው።

ምንጭ፦ ጤፍ ምንጭ ያደርቃል? ሆ!

ጅዳ፦ ኧረ የኔን ጥያቄ አታበላሹብኝ።

ጋሽ ዋንዛ፦ ሁለታችሁም ተዉት። ምንጭ ዳርና ረግረግ ላይ አይተከልም፣ ውሃ ይጠጣል። ጋራው ላይ ግን ይተከላል። ምኒልክ ያስመጣው ጊዜ የአዲስ አበባ ሰው ማገዶ አልቆበት ነበር። የእንጦጦን ሴቶች ሸክም ያየ ዛፉን አይረግምም። ይህ ክርክር ግን የሥራ ጥያቄ አይደለም።

ቶሮንቶ ናፋቂ፦ ካናዳ እንጨት ቆራጭ ይፈልጋሉ ይባላል። እንዴት ልሂድ?

ጋሽ ዋንዛ፦ ይህ የቪዛ ጥያቄ ነው። ቀጥሎ።

ሕግ ፈላጊ፦ የራሴን ዛፍ መቁረጥ እችላለሁ?

ጋሽ ዋንዛ፦ አዋጅ 1065/2010ን አንብብ። የግል፣ የማኅበረሰብ፣ የማኅበርና የመንግሥት ደን ብሎ ይለያል። ከመቁረጥህ በፊት ወረዳህን ጠይቅ።

እንጨት ሠሪ፦ ጋሼ፣ እኛ ቤት ዕቃ የምንሠራው ከውጭ በሚገባ ኤምዲኤፍ፣ ከተፈጨ እንጨት ተጨምቆ በሚሠራ ሰሌዳ፣ ነው። የአገር ጣውላ ለምን አይቀርብም?

ጋሽ ዋንዛ፦ ይቀርባል፣ ግን እርጥብ ነው። ሳይደርቅ ተሰንጥቆ ይመጣልህና በሩ ከወር በኋላ ይጠማዘዛል። ደንበኛህም ይሸሻል። ጥላ ሥር ደርድሮ በመካከሉ ቀጫጭን እንጨት እየጣለ አየር የሚያሳልፍበት ሰው ቢኖር፣ ይህ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ዛፍ ቆርጦ ከሚያድረው ይልቅ ቆርጦ አድርቆ የሚሸጠው ይሻላል። ተመራቂው፣ አለህ? ለአንተም ነው።

አዲስ ገቢ፦ ለደን ተመራቂ ሥራ አለ?

ጋሽ ዋንዛ፦ ከላይ! ከላይ ተመልሷል!

ተመራቂው፦ አለሁ ጋሼ። የመለኪያ መሣሪያ ግን ውድ ነው አሉ።

ጋሽ ዋንዛ፦ የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃሃል። ከመሬት 1.3 ሜትር ላይ ግንዱን ዙር፣ ያገኘኸውን ለ3.14 አካፍል፣ ውፍረቱ ወጣልህ። ቁልቁለት ላይ ከሆንክ ከላይኛው በኩል ቆመህ ለካ።