የባሕር አውሮፕላን መርከቦች በጨዋታ ካርታችን ላይ፦ ጥያቄና መልስ

የባሕር ዳር የቅዳሜ የጦርነት ጨዋታ ቡድናችን የሁለተኛውን የዓለም ጦርነት የፓስፊክ ዘመቻ በካርታ ላይ ከመጀመሩ በፊት የቀረቡ ጥያቄዎች ናቸው። ልኬቱ እንደተለመደው፦ አንድ ሄክስ (ባለ ስድስት ጎኑ የካርታ ክፍል) 20 የባሕር ማይል፣ አንድ ተራ አንድ ሰዓት። ጠያቂዎቹ በጨዋታ ስማቸው ተጠቅሰዋል።

ሽንብጥ፦ ጋሼ፣ የጃፓኗ የባሕር አውሮፕላን ተሸካሚ ቺቶሴ ከ24 አውሮፕላን ጋር ደረሰችኝ። ሁሉንም ጠዋት ላስነሣቸው?

መልስ፦ በፍጹም። ለሦስት ክፈላቸው፤ 8 ለጠዋት፣ 8 ለከሰዓት፣ 8 መርከቧ ላይ ይቆዩ። ቃኚው የባሕር አውሮፕላን አይቺ ኢ13ኤ በ120 ኖት (በሰዓት 120 የባሕር ማይል) ስለሚጓዝ በተራ 6 ሄክስ ይሄዳል። 15 ሄክስ ወጥቶ፣ 3 ወደ ግራ ተሻግሮ፣ በ15 ሲመለስ 33 ሄክስ ነው፤ በስድስተኛው ተራ ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ1942 በሚድዌይ ጦርነት የጃፓን መርከቦቹ የቶኔና የቺኩማ አውሮፕላኖች የታዘዙት ይህንኑ ነው፦ 300 ማይል መውጣት፣ 60 ወደ ግራ፣ ከዚያ መመለስ። አውሮፕላኑ በግራና በቀኝ አንድ አንድ ሄክስ ስለሚያይ ሲሄድ 3፣ ሲመለስ 3፣ ጫፉ ላይ 6 ሄክስ ይሸፍናል። በ15 ሄክስ ርቀት ላይ ግማሽ ክብ 45 ሄክስ ነው። 45ን ለ6 አካፍል፤ 7.5። ስለዚህ 8 አውሮፕላን ግማሹን ክብ ይዘጋል። ሌላውን ግማሽ ከሰዓት ትፈልጋለህ፤ አንዱ ቢጠፋ የሚተካው ከቀሪዎቹ ነው።

ደቅ፦ አውሮፕላኑ ጠላትን ካየ በኋላ ለሪፖርት ሌላ ዳይስ መጣል ለምን አስፈለገ? ካየ አየ ነው።

መልስ፦ ይህን ሕግ አትንኩብኝ። ማየትና ማሳወቅ ለየቅል ናቸው። ሚድዌይ ላይ የቶኔ አራተኛ አውሮፕላን ከሌሊቱ 10:30 መነሣት ሲገባው የተነሣው 11 ሰዓት ላይ ነው። ከጠዋቱ 1:28 ላይ የላከው መልእክት ዐሥር የሚሆኑ መርከቦች አይቻለሁ ብቻ ነበር። የአውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ያለ ይመስላል ያለው 2:20 ላይ ነው። 52 ደቂቃ በእኛ ካርታ አንድ ሙሉ ተራ ነው! ስለዚህ የመጀመሪያው ዳይስ ቦታንና ብዛትን ብቻ ይሰጣል፤ ዓይነቱ የሚታወቀው በሚቀጥለው ተራ፣ አውሮፕላኑ እዚያው ከቆየና 3 ወይም ከዚያ በላይ ከወጣ ነው። ተሸካሚ መሆኑን ሳታውቅ ቦምብ ጣዮችህን ልትልክ ትችላለህ፤ ውሳኔው የአንተ ነው። ሁለተኛ ዳይስም አለ፤ ከመርከቧ ወደ አዛዡ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጀትላንድ ላይ፣ ሜይ 31 ቀን 1916፣ ከእንግሊዟ የባሕር አውሮፕላን መርከብ ከኢንጋዳይን የተነሣው ሾርት 184 አውሮፕላን የጀርመን መርከቦችን አይቶ በሬዲዮ ተናግሯል፤ ኢንጋዳይን ግን ወሬውን ለእንግሊዙ አዛዥ ለቢቲ ማድረስ አልቻለችም።

ጎርጎራ፦ የ1916 ሬዲዮና የ1942 ሬዲዮ አንድ ናቸው እንዴ?

ደቅ፦ እኔም ልለው ነበር። ለ1942 ሁለተኛው ዳይስ ይቅር።

ጎርጎራ፦ ይቅር ሳይሆን በ2 እና ከዚያ በላይ ይለፍ።

መልስ፦ በ2 ይለፍ፣ ተስማምቻለሁ። የመጀመሪያው ግን ንክች አይልም።

ዘጌ፦ ሦስት አውሮፕላን ሲመለሱ ጠፉብኝ። ለምን?

መልስ፦ የባሕሩ ማዕበል ደረጃ ስንት ነበር? መርከቧ በስንት ኖት ትሄድ ነበር? ይህን ሳትጽፍ ጠንቋይ አታድርገኝ። መርከቧ በሰፊው ትዞርና ከኋላዋ ለስለስ ያለ ውኃ ትተዋለች፤ አውሮፕላኑ እዚያ ላይ ያርፋል፣ እየቀዘፈ ከክሬኑ ሥር ይገባል፣ መንጠቆው ይያያዝለታል፣ ይነሣል። በሕጋችን ከ10 ኖት በላይ ማንሣት የለም፤ በአንድ ተራ 4 ብቻ። የማዕበሉ ደረጃ 4 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ በእያንዳንዱ አውሮፕላን ዳይስ ጣል፤ 1 ወይም 2 ከወጣ ተንሳፋፊው (አውሮፕላኑ ውኃ ላይ የሚቆምበት እግሩ) ተሰበረ ማለት ነው። በዚያ ተራ ሰርጓጅ ሲያጠቃህ 2 ነጥብ ይጨመርለታል። አጥፊ መርከብ ካላጀበህ አትቁም።

ሽንብጥ፦ ባለ ተንሳፋፊው የጃፓን ተዋጊ አውሮፕላን ዜሮስ፣ ለመዋጋት ይሆናል?

መልስ፦ ተንሳፋፊው ፍጥነቱን ይበላዋል። ከአሜሪካው ተዋጊ አውሮፕላን ከዋይልድካት ጋር አታጋጥመው።

ቆራጣ፦ ጋሼ፣ ቴንደርና የባሕር አውሮፕላን ተሸካሚ እየተምታቱብኝ ነው። የአሜሪካዋ ቴንደር ባርኔጋት ስድስት ካታሊና በራሪ ጀልባዎችን ስንት ቀን ታቆያለች?

መልስ፦ ጥያቄ እንዲህ ነው፣ እህቴ። ተሸካሚዋ አውሮፕላኑን ይዛው ትሄዳለች። ቴንደር ግን ጸጥ ያለ ወደብ ወይም የኮራል ሐይቅ ውስጥ መልሕቋን ጥላ ለበራሪ ጀልባዎች (በሆዳቸው ውኃ ላይ ለሚያርፉ ትልልቅ አውሮፕላኖች) ነዳጅ፣ ቦምብና ምግብ የምታቀርብ ናት። ባርኔጋት 80,000 ጋሎን የአውሮፕላን ቤንዚን ትይዛለች፤ የካታሊና ታንክ ቢበዛ 1,750 ጋሎን ይወስዳል። 45 ጊዜ ያህል ሙሉ ቅጂ ማለት ነው። ስድስቱም በየቀኑ ሙሉ ታንክ ከጨረሱ ሰባት ቀን ትቆዪያለሽ፤ በስምንተኛው ነዳጅ ጫኝ ካልመጣ አለቀ። ቦታውን ቀድመሽ ያዢ። ማርች 1942 ጃፓኖች በሃዋይ ደሴቶች ፍሬንች ፍሪጌት ሾልስ ላይ ለበራሪ ጀልባዎቻቸው ከሰርጓጅ ነዳጅ ቀድተው የኦዋሁን ደሴት ደበደቡ፤ ከሚድዌይ በፊት ሊደግሙት ሲሉ የአሜሪካ መርከቦች ቀድመው ገብተው ስላገኟቸው ጃፓኖቹ ተዉት።

ደቅ፦ የእኛዋ «ኢትዮጵያ» መርከብ እኮ የባርኔጋት ዓይነት ናት።

ጎርጎራ፦ ኧረ ተው! እሷ የጦር መርከብ ናት፣ መድፍ ነበራት።

መልስ፦ ባርኔጋቶችም መድፍ ነበራቸው። ደቅ ልክ ነው። ኦርካ ትባል ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1944 አገልግሎት ጀምራ ፊሊፒንስ ውስጥ ሌይቴ ላይ በራሪ ጀልባዎችን ስታገለግል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1962 ለኢትዮጵያ ተሰጠች፤ ምጽዋ ላይ የባሕር ኃይላችን ማሠልጠኛ ሆነች። እ.ኤ.አ. በ1991 ወደ የመን ሸሸች። ለካርታው ምልክቷን የምትሠሩላት ከሆነ የ1944ቱን ቅርጿን ሥሩ፤ ክሬኑን እንዳትረሱ።

ሽንብጥ፦ ጣና ላይስ ጨዋታ ብንሠራ?

መልስ፦ ባርኔጋት ወደ 4 ሜትር ውኃ ውስጥ ትገባለች፤ ጣና በጥልቁ ቦታ 14 ሜትር ያህል ነው፤ ዳር ዳሩን ትቀመጣለች። ደግሞም ጢስ ዓባይን ማን ያወጣታል? አውሮፕላኖቹን ብቻ ከፈለግህ፣ 1,800 ሜትር ላይ አየሩ ስስ ነው፤ ሩጫው ይረዝማል፣ ጭነት ቀንስ። ማለዳ ውኃው መስታወት ሲሆን ተንሳፋፊው ይጣበቃል፤ አንድ ጀልባ ፊቱን ዙራ ውኃውን ካላናወጠችው በመነሻ ዳይስህ 1 ቀንስ።

ዘጌ፦ ጋሼ፣ አጥፊ መርከብ ከሌለኝስ እንዴት ላንሣ?

መልስ፦ አትቁም ብያለሁ፣ ሦስት ጊዜ አታስብለኝ። አውሮፕላኑን ነፋስ በማይነካው የደሴት ጀርባ አሳርፈው፣ አብራሪው መልሕቁን ይጣል። ሲነጋ አጥፊ ስታገኝ ሄደህ ታነሣዋለህ።