ለወሎ ገበሬ የሚላክ ገንዘብ ወቅት አለው

በውጭ አገር የምትኖሩ ወገኖቼ፣ ነሐሴ በገባ ቁጥር ከወሎ የሚደወልልን ስልክ ይበዛል። ከደላንታም፣ ከቆቦም፣ ከወረባቦም የሚመጣው ቃል ተመሳሳይ ነው፤ ዝናቡ ከዳን፣ እህል ተወደደ፣ የቻላችሁትን ላኩልን። እኛም ከደመወዛችን ቀንሰን፣ ተጨማሪ ሰዓት ሠርተን እንልካለን። ነሐሴ ላይ የሚደርሰው ገንዘብ ረሀብ ያስታግሳል፤ ድህነቱን ግን አይነካውም። ያው ገንዘብ ሚያዝያ ወይም ግንቦት ላይ ቢደርስ ቤተሰቡን ከነበሬው፣ ከነዘሩ ያቆየው ነበር። ወደ ውጭ ከመውጣቴ በፊት በቆቦ ቆላ የግብርና ልማት ሠራተኛ ነበርሁ፤ ከወጣሁም በኋላ ከገበሬው ጋር ያለኝ ግንኙነት አልተቋረጠም። የምናገረው ካየሁት ተነሥቼ ነው።

በቆቦና በሀብሩ ሜዳ ገበሬው የሚወደው ረጅሙን፣ ዘግይቶ የሚደርሰውን ማሽላ ነው፤ ደጋሌትን፣ ጅጉርጢን። ይህ ማሽላ የሚዘራው በበልጉ ዝናብ፣ ሚያዝያ ላይ ነው። ፍሬው እንጀራ ይሆናል፤ አገዳው ለከብት መኖ፣ ለማገዶና ለአጥር ይውላል። ስለዚህ ገበሬው አጭሩን፣ ፈጥኖ የሚደርሰውን ዝርያ "አገዳ የለውም" ብሎ ቢያንገራግር እውነት አለው። የሚያዝያው ዝናብ ሲቀር ግን ምርጫ ያጣል፤ ወደዚያው አጭር ማሽላ፣ ወደ ጤፍ ወይም በሁለት ወር ተኩል ገደማ ወደሚደርሰው ማሾ መዞር አለበት። መጀመሪያ የዘራው ዘር አፈር ውስጥ ደርቆ ቀርቷል፤ እንደገና ማረስና እንደገና ዘር መግዛት ይኖርበታል።

ዘሩ ጠፍቶ አይደለም። ሀብሩ ውስጥ ያለው የሲሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከል ለዝናብ አጠር አካባቢ የሚስማሙ ዝርያዎችን ሲያወጣ ኖሯል። ፕሮፌሰር ገቢሳ እጄታም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙት ድርቅንና አቀንጭራ የተባለውን አረም የሚቋቋም ማሽላ በማበርከታቸው ነው። የሚጠፋው ዘሩ በሚፈለግበት በዚያ ሳምንት በገበሬው እጅ መገኘት ያለበት ጥሬ ገንዘብ ነው። ያን ጊዜ ወይ መሬቱ ጦም ያድራል፣ ወይ ገበሬው አራጣ አበዳሪ ደጅ ይጠናል። እኛ ግን ግንቦት ላይ ስለ ዘሩ አንጠይቅም።

ደጋውም የራሱ ወቅት አለው። ደላንታና ለጋምቦ ላይ በበልግ ገብስ የሚኖረው ቤተሰብ ጥርና የካቲት ላይ ዘርቶ ሰኔና ሐምሌ ላይ ያጭዳል። በልጉ መክሸፉ ሚያዝያ ላይ ይታወቃል። ነሐሴ እስኪደርስ መጠበቅ ለምን ያስፈልጋል?

ከሁሉም በላይ በሬውን አስቡ። እህል ሲያልቅ መጀመሪያ የሚሸጠው ፍየልና በግ ነው፤ ቀጥሎ ላሚቱ፤ መጨረሻ ላይ በሬው። በክፉ ዓመት ሁሉም ገበሬ ከብቱን የሚያወጣው በአንድ ጊዜ ነው። መኖ የለም፣ ከብቱ ከስቷል፣ ሻጭ በዝቷል፤ ነጋዴው ዋጋውን ይሰብራል። በዚያው ገበያ የማሽላ ዋጋ ሰማይ ይነካል። ሰውየው በሬውን ነድቶ ወርዶ አህያ የማይከብዳት እህል ይዞ ይመለሳል። ቀጥሎ የሚመጣው የባሰ ነው። ሁለት በሬ ያለው በጥማዱ ያርሳል፤ አንድ ያለው ከጎረቤቱ ጋር መቀናጆ ይገባል፤ ምንም የሌለው መሬቱን ለእኩል አራሽ ይሰጣል። እኩል ከሰጠ ደግሞ የሚቀጥለው ዓመት ዝናቡ ቢሰምር እንኳ የምርቱ ግማሽ የእርሱ አይደለም። አንድ ወቅት የቀረ ዝናብ ለብዙ ዓመት የሚያደኸየው በዚህ መንገድ ነው።

የኖቤል ተሸላሚው ህንዳዊ የምጣኔ ሀብት ሊቅ አማርትያ ሴን የ1965 እና የ1966ቱን የወሎ ረሀብ ሲያጠኑ ያገኙት ከዚህ የራቀ አልነበረም። በአገሪቱ እህል ጨርሶ አልጠፋም ነበር፤ እንዲያውም ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ የተጫነ እህል ነበር። የጠፋው የገበሬውና የከብት አርቢው የመግዛት አቅም ነው። የእኛ ገንዘብ ሊሞላው የሚችለው ይህንን ክፍተት ነው፤ ከብቱ ከመሸጡ በፊት ከደረሰ።

እንግዲህ መጋቢት መጨረሻ ላይ ደውሉ። ሰላምታ ተለዋውጣችሁ ብቻ አትዝጉ። ዝናብ ጣለ ወይ፣ ምን ዘራችሁ፣ የዘር እህል ተርፏል ወይ፣ ድርቆሹና አገዳው እስከ መቼ ያደርሳል፣ ለገበያ ያሰባችሁት ከብት አለ ወይ ብላችሁ ጠይቁ። አባት ለልጁ ችግሩን መንገር ያፍራል፤ "አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነን" ወይም "ተመስገን ነው" ይላችኋል። ስለ መኖው ስትጠይቁት ግን እውነቱ ይወጣል፤ መኖ ያለቀበት ገበሬ በሬውን ለመሸጥ ቀን እየቆጠረ ነው።

ለቀለብ የምትልኩ ከሆነ ታኅሣሥና ጥር ላይ ላኩ። አዲስ እህል ገበያውን የሚሞላው ያኔ ነው። ያኔ ገዝቶ ለሚያስቀምጥ የሚያሰጋው ነቀዝ ነው። አየር የማያስገባው ባለ ሦስት ንብርብር ከረጢት ያለ መድኃኒት ነቀዙን አፍኖ ይገድላል፤ እህሉ ግን በደንብ የደረቀ መሆን አለበት፣ ያለዚያ ይሻግታል። መንገድ፣ ባንክና ስልክ በየምክንያቱ በሚቋረጡበት በዚህ ዘመን በጎተራ ያለ እህል ከሚጠበቅ ሐዋላ ይሻላል።

በሪያድ፣ በጅዳ፣ በቤይሩት በሰው ቤት ለምትሠሩ እኅቶቼ ለብቻ የምነግራችሁ አለኝ። በኅዳር 2006 ሳዑዲ ዓረቢያ ማስወጣት ስትጀምር በጥቂት ወራት ከ160 ሺህ በላይ ወገን ተመልሷል። ገንዘባቸውን ሁሉ ለቤተሰብ ልከው ሲመለሱ በስማቸው ምንም ያልጠበቃቸው ብዙ ነበሩ። ለእናት ለአባት መላክ ምርቃት ነው፤ አትቁረጡ። ከላካችሁት ግን ጥቂቱን በራሳችሁ ስም በተከፈተ የባንክ ሒሳብ አስቀምጡ፤ ወለድ ለማትፈልጉ ከወለድ ነፃ አገልግሎት አለ። ጥቂቱን ደግሞ በርቢ አስይዙት። ጊደር ወይም ፍየሎች ተገዝተው ከብት ለሌለው ጎረቤት ይሰጣሉ፤ እርሱ ያረባል፣ ግልገሉን ትካፈላላችሁ። ለእናንተ ጥሪት ይሆናል፣ ለእርሱ መነሻ። ማን ምን እንደያዘ በጽሑፍ፣ በሽማግሌ ፊት ይሁን። እምነት ጥሩ ነው፤ ከእናንተ በኋላ የሚመጣው ወራሽ ግን ቃሉን ላያውቀው ይችላል።

የገጠር መሬት እንግዛ ለምትሉ፤ በሕገ መንግሥቱ መሬት አይሸጥም አይለወጥም። የሚሸጥላችሁ ካለ ገንዘባችሁን እያጠፋችሁ ነው።

በማኅበር ተሰባስባችሁ ውሃ ለማውጣት ለምትነሡም አንድ ነገር ልጨምር። በ1990ዎቹ አጋማሽ በየገበሬው ጓሮ የውሃ ማቆሪያ ጉድጓድ በዘመቻ ሲቆፈር አይቻለሁ። ብዙው ውሃውን አፈር ጠጣው፤ ቀሪው የሚያወጣበት መሣሪያ ስላልነበረው ሳይጠቅም ቀረ። ግንባታ ከመጀመራችሁ በፊት ማን ይጠግነዋል፣ መለዋወጫው ከየት ይገዛል፣ ተጠቃሚው በወር ስንት ያዋጣል የሚለው ይወሰን። መልስ ከሌለው ገንዘቡን ያዙት።

ዘመድ የሌላቸውንም አትርሱ። ከ1997 ጀምሮ ላለው ሴፍቲኔት፣ ለድሃ ቤተሰብ ለሚሰጠው የመንግሥት ድጋፍ፣ ሰው ሲመለመል ልጁ ውጭ ያለ ቤተሰብ ብዙ ጊዜ ይታለፋል፤ ስለዚህ መላክ ከጀመራችሁ በኋላ ማቆራረጥ ቤተሰቡን ከሁለቱም ያሳጣዋል። ከሁለቱም የሌለው ደግሞ አለ፤ ባሏ የሞተባት፣ ውጭ ማንም የሌላት፣ ከስም ዝርዝሩም የወጣች። እርሷን የሚያውቃት ቅሬው፣ የመንደሩ ዕድር ነው። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ሐዘን የሚቀመጥበት ቅሬ የማን ጎተራ ባዶ እንደሆነ ከማንኛውም መሥሪያ ቤት ቀድሞ ያውቃል። በየዓመቱ መጋቢት ላይ ለዘርና ለመኖ የሚሆን ብድር በቅሬው በኩል ስጡ፤ ተበዳሪው በመኸር ያለ ወለድ ይመልስ፣ ለሚቀጥለው ሰው ይተላለፍ። ዝናብ በቀረበት ዓመት መመለሻው ለአንድ መኸር ይራዘም። ገንዘቡ በአንድ ሰው ስም አይግባ፤ ሦስት ሰው ይፈርም፣ ከሦስቱ ቢያንስ አንዷ ሴት ትሁን። በየቤቱ ጓዳ ስንት ቁና እህል እንደቀረ የሚያውቁት ሴቶቹ ናቸው።